ለካትሪን የተቀመጥነው ለቅሶ

እማዬና እትዬ ሉሉ ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ካርቱም ውስጥ አንድ ፍራሽ ላይ የተኙ፣ አንድ ደህና ጫማ በተራ ያደረጉ፣ አሜሪካ ኮሎምበስም በአንድ ፕሌን የገቡ ሰዎች ናቸው። የተጣሉት ግን በኬክ ነው። እትዬ ሉሉ ልደታቸውን ሲያከብሩ ኬኩ ላይ የአርባ አምስት ዓመት ሻማ ተተክሎ ነበር። ለእማዬ ማይክ ሰጧት። «እንኳን አደረሰሽ» ብላ መቀመጥ ትችል ነበር። እሷ ግን «እንዴ ሉሉ! እኔና አንቺ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል አልነበርንም እንዴ? እኔ ሃምሳ አንድ ነኝ እኮ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። አዳራሹ በሰው ሞልቷል። የሳቀችው እሷ ብቻ ናት።

ሰው የስደት ወረቀቱ ላይ ያስጻፈው ዕድሜ እንደማይነካ እኔ እንኳን አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሉሉ ሂልቶፕ፣ እኛ ፎረስት ፓርክ። በመኪና ሃያ ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። እማዬ አንዳንዴ ስልኳን ታነሳና የእትዬ ሉሉን ስም አውጥታ ታየዋለች። «ደውይላቸው በቃ» ስላት «ሰዓት እያየሁ ነው» ትለኛለች። ሰዓቱ ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

አሁን ወደ ቱዶሮች ልሂድ። ቱዶሮች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝን የገዙ ቤተሰብ ናቸው። ስድስት ሚስት ያገባውን ወፍራም ንጉሥ፣ ሄንሪ ስምንተኛውን፣ ምስሉን ሳታዩ አትቀሩም። ስለ እነሱ የሚጻፍ መጽሐፍ አያልቅም። እኛ ሰፈር ላይብረሪ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዘዋል። ሽፋኑ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ሴት አለች፤ ቀሚሷ ይታያል፣ ሐብሏ ይታያል፣ አንገቷ ይታያል፣ ከዚያ በላይ የለም። ጭንቅላቷን ለምን ቆርጠው እንዳስቀሩት የገባኝ መጽሐፉን ስጨርስ ነው።

እኔ እነዚህን መጻሕፍት እየደጋገምኩ የማነበው መጨረሻቸውን ስለማላውቅ አይደለም። መጨረሻቸውን ዓለም በሙሉ ያውቀዋል። ግን አዲስ መጽሐፍ በከፈትኩ ቁጥር «ሁለተኛዋ ሚስት፣ አን ቦሊን፣ እስቲ በዚህኛው ትተርፍ ይሆን?» እላለሁ። እስካሁን አልተረፈችም።

እማዬን ቱዶሮች ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሪከንባከር መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ስካን ስታደርግ ጆሮዋ ላይ ስብከት ነበር የምትሰማው። አንድ ቀን «ስብከቱን ጨረስኩት» አለችኝ። ስብከት እንደሚያልቅ አላውቅም ነበር። የላይብረሪውን አፕ ስልኳ ላይ ዳውንሎድ አደረግኩላትና የንጉሡን የመጀመሪያ ሚስት የካትሪንን ታሪክ በድምፅ ከፈትኩላት።

በሳምንቱ ራት ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«ሰምሀል፣ ይሄ ቶማስ ያኛው ቶማስ ነው?»

«የትኛው ቶማስ?»

«የሚገደለው ነዋ።»

«ብዙዎቹ ይገደላሉ እማዬ።»

«ሌላ ስም የለም እንዴ እነሱ አገር?» ብላ ትበሳጫለች። ለሄንሪ «ያ ወፍራሙ» የሚል ስም አወጣችለት። አን ቦሊንን ስሟን ጠርታት አታውቅም፤ «ያቺ» ነው የምትላት። «ያቺ ደጄ ላይ ብትመጣ ውሃ አልሰጣትም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ዕቃ እያጠበች፣ በጣም ከልቧ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ዓርብ ቀን፣ ካትሪን የምትሞትበት ምዕራፍ ላይ ደረሰች። ሄንሪ ልጇን ሜሪን ከልክሏት፣ አንድ ቀዝቃዛ ግንብ ውስጥ አስቀምጧታል። ታማለች፣ ጠያቂ እንዳይገባ ተብሏል። ከስፔን የመጣች አንድ የድሮ ጓደኛ አለቻት፣ ማሪያ የምትባል። ማሪያ ይህን ስትሰማ በጥር ብርድ በፈረስ ተነስታ መጣች። ዘበኞቹ ፈቃድ ሲጠይቋት «ከፈረስ ወድቄ ነው፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ብላ ገፍታቸው ገባች። ካትሪን እቅፏ ውስጥ ሞተች።

እማዬ እዚህ ጋ ስትደርስ ስካነሩን አስቀምጣ፣ አንድ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ፣ አለቀሰች።

አጠገቧ የሚሠሩት እትዬ ሰገነት ናቸው። እትዬ ሰገነት አንድ ነገር ከሰሙ ኢንተርኔት አያስፈልግም። «አፀደ! ምን ሆንሽ?» ብለው ሮጡ።

«ካትሪን ሞተች!»

እትዬ ሰገነት ካትሪን የምትባል ሰው አያውቁም። ግን እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ፊት ቆሞ «ማናት እሷ?» አይባልም። ነውር ነው።

«ውይ! ውይ በሞትኩት!»

«ልጇን እንኳን ሳታያት! በዚያ ብርድ ብቻዋን!»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እህት» ብለው አቀፏት። እማዬ ቤት ስትገባ ምን አለችኝ? «ሰገነት እንዲህ ሆደ ቡቡ መሆኗን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።» ከዚያ ሹካዋን አስቀመጠች። «ማሪያ በፈረስ መጣች» አለች። «ሉሉ መኪና አላት።»

ቅዳሜ ጠዋት በረዶው እየጣለ፣ እማዬ ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልላ ፒጃማዋን እንደለበሰች፣ በሩ ተንኳኳ። ከፈተችው። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ጀማነህ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ አንድ ካርቶን ውሃ ታቅፈው ቆመዋል። ከኋላቸው እትዬ ሰገነት፣ ከእትዬ ሰገነት ኋላ ደግሞ እስከ መንገዱ ድረስ ሰው።

«አፀደ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ ጋሼ ጀማነህ።

እድር በማለዳ ጥቁር ለብሶ በር ላይ ሲቆም መርዶ ነው። እማዬ የሞተባት ሰው እንዳለ ገና አሁን መስማቷ ነው። «ማንን? ማንን ነው? ኧረ ማንን!» ብላ ጮኸች። እነሱ ሙሾ መሰላቸው። እትዬ ሰገነት ከእሷ በላይ ጮኹ። ከበስተኋላ ያሉት ወደ ውስጥ ሳያዩ ተቀበሉ። ጎረቤታችን መስኮቱን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው።

እኔም አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ፣ አያቴ የሞተች መሰለኝ። ሶፋው ጠረጴዛው ሁሉ ተገፋ፣ የእድሩ አዳራሽ ተጣጣፊ ወንበሮች ገቡ፣ ምስር በፎይል ትሪ፣ ፒዛ በካርቶን መጣ። እማዬን መሃል አስቀምጠው «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል። እሷም ማን እንደሞተባት ሳታውቅ ታለቅሳለች። የሞተውን ሰው ስም የሚጠራ ግን የለም፤ ሁሉም እሷ ታውቃለች ብሎ ነው የመጣው። በመጨረሻ እትዬ ሰገነት ለአንዲት ሴትዮ ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ።

«ካትሪን እኮ ናት። የአክስቷ ልጅ ሳትሆን አትቀርም። አውሮፓ ያገባችው።»

እማዬን በክንዷ ጎትቼ ወጥ ቤት አስገባኋት።

«እማዬ፣ የሞተ ሰው የለም።»

«ምን?»

«ካትሪን ናት።»

እንባዋ ጉንጯ ላይ ቆመ። «የትኛዋ ካትሪን?»

«የመጀመሪያዋ።»

ሄንሪ ካትሪን የሚባሉ ሦስት ሚስቶች ስላሉት ጥያቄዋ ትክክል ነው። እማዬ መጀመሪያ አማተበች። ቀጥላ የዕቃ ፎጣውን አፏ ውስጥ ከታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሳሎን ያሉት ሴቶች ትከሻዋን በበሩ ክፍተት አይተው «ውይ፣ አንጀቷ ተቃጠለ!» አሉ።

«ሄጄ ልንገራቸው» አለች ፊቷን እየታጠበች። «ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ምስሩን ይበላሉ፣ ይሄዳሉ።» ሳሎኑ መሃል ሄዳ ቆመች። «ወገኖቼ» ብላ ጀመረች።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተና እትዬ ሉሉ ገቡ።

አንድ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ሱሪያቸው ተቀዷል፣ ሻሻቸው አንገታቸው ላይ ወርዷል። «አፀዴ!» አሉ። «እኔን! እኔን!»

እማዬ ሌላ ነገር መናገር አቃታት። «ሉሉዬ!» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም አለቀሱ። እማዬ በእትዬ ሉሉ ትከሻ ላይ ወደኔ አየችና በሁለት ጣቷ ከንፈሯን ቆነጠጠች። ትንፍሽ ብትዪ ማለቷ ነው። ገባኝ። እውነቱ ከወጣ እትዬ ሉሉ ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ፊት ተሳቀባቸው ማለት ነው። ከዚህ ቤት ይወጣሉ፤ ሌላ ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ለሁልጊዜው።

እትዬ ሉሉ እጇን እንደያዙ አጠገቧ ተቀመጡ። «በይ ንገሪኝ። እንዴት ሆና ነው?»

እማዬ መዋሸት አትችልም። ስለዚህ እውነቱን ተናገረች።

«ባሏ ነው የገደላት ማለት ይቻላል። ከሃያ ዓመት በላይ አብራው ኖራ፣ ወንድ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ አስወጣት።»

«በዚህ ዘመን!» አሉ ጋሼ ጀማነህ።

እማዬ ይቺን አለፈቻት። «ሌላ ሴት ይዞ ነው። ያውም እሷው ቤት ታገለግል የነበረች።»

«ወይ ጉድ!» አለ ቤቱ በሙሉ።

«ሎየር አልያዘችም?» አሉ እትዬ ሰገነት።

«ፍርድ ቤት ቀርባለች እንጂ። ሰው ሁሉ እያየ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው።»

«ዳኛውስ?»

«ዳኛው የሱ ሰው ነው።»

«የንስሐ አባት የለውም ይሄ ሰውዬ?»

«ጳጳሱ አይሆንም ቢሉት የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ።»

ከበሩ አጠገብ አንድ ሰውዬ «እሱስ እዚህም አለ» አሉ። ጋሼ ጀማነህ ረዘም አድርገው ሳሉ።

«ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ ሲረጋጉ።

«መንግሥት ቤት ነው» አልኩ እኔ። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ሽማግሌ ሳይላክበት መቅረቱ ነው ጥፋቱ» አሉ ጋሼ ጀማነህ። ስልካቸውን አወጡ። «ቁጥሩን ስጡኝ። እኔ ራሴ አናግረዋለሁ።»

«አያነሳም ጋሼ።»

«ለምን አያነሳም?»

«ማንንም አያነሳም።»

በዚህ መሃል አባዬ ገባ። አባዬ ትራክ ነጂ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ስለነበር ስለ ካትሪን አንድም ነገር አልሰማም። የራሱ ድራይቭዌይ ላይ ቦታ አጥቶ ከሩቅ አቁሞ በእግሩ ነው የመጣው። ጫማውን ሳያወልቅ ሰው ሁሉ ተነስቶ «ፍቅረማርያም፣ አይዞህ! ወንድ ልጅ ቻይ ነው!» እያለ አቀፈው። አባዬ ጨዋ ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ እያቀፈኝ ጆሮዬ ውስጥ «ማን ነው የሞተው?» አለኝ።

«ካትሪን።»

«በኔ በኩል ናት በእናትሽ?»

«በስፔን በኩል።»

አባዬ ራሱን ነቅንቆ ወንዶቹ መሃል ተቀመጠ። ረጅም መንገድ ነድቶ የመጣ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

እንደዚህ ሆኖ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ጋሼ ጀማነህ የአዳራሹን ካላንደር ስልካቸው ላይ ከፈቱ። «አርባዋን አሁኑኑ ቡክ እናድርግ፤ በኋላ ቅዳሜ አይገኝም። መቼ ነው ያረፈችው?»

እማዬ ወለሉን አየች። እትዬ ሉሉ እማዬን አዩ። ሰው ሁሉ ደግሞ እኔን አየኝ። እኔ የቱዶር ቀን ስጠየቅ አፌ ብቻውን ነው የሚከፈተው።

«ጥር ሰባት» አልኩ። «በፈረንጅ።»

«በፈረንጅ ጥር ሰባት? በገና ዕለት! አርባዋ ሊደርስ ነው እንዴ? እስከ ዛሬ እንዴት ዝም ትላላችሁ?»

«ዘንድሮ አይደለም ጋሼ።»

«አምና ነው?»

«ከዚያ ትንሽ ቀደም ይላል።»

«መቼ ነው ታዲያ አንቺ ልጅ?»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰላሳ ስድስት።»

ጋሼ ጀማነህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«በእኛ ነው በነሱ?»

እትዬ ሉሉ የእማዬን እጅ ለቀቁት። ቀስ ብለው ተነሱ።

«አፀደ። የሞተ ሰው የለም?»

«አለ» አለች እማዬ። «ግን ቆየ።»

«መጽሐፍ ላይ ናት» አልኩ፣ ለመርዳት ብዬ። «ንግሥት ነበረች።» ስልኬ ላይ ምስሏን አውጥቼ አሳየኋቸው። እትዬ ሰገነት ምስሉን አይተው «የአክስትሽ ልጅ አይደለችማ» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

እትዬ ሉሉ ግን ምስሉን አላዩም። ካፖርታቸውን እያነሱ ነው። «ሁለት መቶ ሰባ አውራ ጎዳና ላይ መኪናዬ ሁለት ጊዜ ዞረ። ጉድባ ገብቶ ቀረ። በረዶ ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተልጦ፣ ለማኝ መስዬ የማላውቀው ሰው መኪና ለምኜ ነው የደረስኩት። እኔ አፀደ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ። ሳቂ አሁን! ማይኩን ላምጣልሽ?»

ወደ በሩ ሄዱ። እማዬ ቢጉዲኗ ግንባሯ ላይ እየተንጠለጠለ ሮጣ በሩ ላይ ተደገፈች።

«ሉሉ፣ እኔ እኮ ያለቀስኩት ለካትሪን አይደለም። ለማሪያ ነው።»

«ማሪያ ደግሞ ማናት? እሷም ሞተች?»

«ሁሉም ሞተዋል!» አልኩ። አባዬ «ዝም በይ» አለኝ።

«ጓደኛዋ ናት» አለች እማዬ። «አትግቢ ተብላ የገባች። በዚያ ጭቃ በፈረስ። እሱን ስሰማ ነው ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ያነባሁት። እኔ ነገ ብታመም ሉሉ ትመጣልኝ ይሆን ብዬ።»

እትዬ ሉሉ የካፖርታቸውን አንድ እጅጌ እንዳጠለቁ ቆሙ።

«ስንት ማይል ነው የጋለበችው?»

እማዬ እኔን አየች። «ስልሳ ምናምን» አልኩ።

«ወድቃለች?»

«ወድቄያለሁ ነው ያለቻቸው። እንዲያስገቧት።»

«እኔ የምሬን ነው የወደቅኩት» አሉ እትዬ ሉሉ።

«አንቺ የምርሽን ነው» አለች እማዬ። ከዚያ ወደ ሰው ዞረች። ልደቱ ላይ የነበረው ሰው ከሞላ ጎደል እዚህ ተቀምጧል። ማይክ አላስፈለጋትም። «ስሙኝ ሁላችሁም! እኔና ሉሉ አንድ ክፍል አልነበርንም። ተሳስቼ ነው። ሉሉ የእኔ ታናሽ ናት። በስድስት ዓመት።»

እትዬ ሉሉ ትንሽ አሰቡ።

«ሰባት አድርጊው።»

«በሰባት ዓመት!»

«እሺ» አሉ እትዬ ሉሉ፣ እጅጌያቸውን መልሰው እያወለቁ። «ጉልበቴን የምጠርግበት ነገር ስጡኝ።»

ያን ጊዜ ነው ቤቱ በሳቅ የፈረሰው። እትዬ ሰገነት ብቻ «እኔ እኮ ሲለቀስ አይቼ ነው» እያሉ ለሁሉም ያስረዳሉ። ጋሼ ጀማነህ አልሳቁም። ጥግ ይዘው በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆይተው «በድሮው አቆጣጠር ነው መሆን ያለበት» ብለው ተነሱ። «በእኛ ሺህ አምስት መቶ ሃያ ስምንት፣ ጥር አሥራ አንድ ይመጣል። ጥምቀት ዕለት ነው ያረፈችው!» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እንግዲህ ለሰው ነው የመጣነው፤ ምስሩን አቅርቡት።»

ቀረበ። እትዬ ሉሉ ጉልበታቸው ላይ ፋሻ አስረው፣ ሳህናቸውን ይዘው፣ እማዬ ጎን ተቀመጡ። ሁለት ጉርሻ ከበሉ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያቺስ?» አሉ።

«የቷ?»

«ቤቷን የቀማቻት። ያቺ ምን ሆነች?»

ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ጋሼ ጀማነህ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። አባዬ እንኳን ቀና አለ።

«ገና አልደረስኩበትም» አለች እማዬ። «ሰምሀል ግን ታውቃለች።»

አፌን ከፈትኩ።

«እንዳትናገሪ!» ብለው ሁሉም በአንድ ላይ ጮኹብኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት በአንድ ላይ ሊሰሙት ተስማሙ፤ እኔ ልተረጉም፣ እትዬ ሰገነት ፒዛ ሊያመጡ። ሰው ሲበተን አባዬ እትዬ ሉሉን ሊያደርሳቸው፣ መኪናቸውንም ከጉድባው ሊያወጣላቸው ቁልፉን አነሳ። እማዬ በር ላይ ሦስቴ ሳመቻቸው። እትዬ ሉሉ ደረጃውን በጥንቃቄ ወርደው፣ በረዶው ላይ ቆም ብለው ዞሩ።

«አፀደ! በዚያ ባል የያቺም መጨረሻ አይጠፋኝም። ስትሞት ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ጎማ ልቀይር።»